ጠዋት ለልጆቹ፣ ከሰዓት ለትልልቆቹ

ከጅማ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ነሐሴ 9 ቀን 6 ዓመት ይሞላታል። የ8 ወር ወንድም አላት። የምንኖረው ተከራይተን ነው። ግቢው ውስጥ ሌሎች ተከራዮችም አሉ፤ አከራያችን ሀጂ የተከበሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት የልጄን ልደት ለማታ 12 ሰዓት ጠራን። የባለቤቴን ጓደኞች ስንጠብቅ ልጄ ኬኩ ሳይቆረስ ተኛች። ቀስቅሰን ስናስቆርሳት አለቀሰች፤ ቪዲዮው ሁሉ ልቅሶዋ ነው። ዘንድሮ የባለቤቴ እህት ‹አዳራሽ ተከራይታችሁ፣ ዲኮር አሠርታችሁ፣ ዲጄ ጠርታችሁ በወግ አክብሩላት› ትላለች። ዕቁባችን በዚህ ወር ይደርሰናል፤ የባለቤቴም ልብ ወደዚያ እያዘነበለ ነው። እኔ ደግሞ መስከረም ያስጨንቀኛል። ጎረቤቶቻችን ሙስሊምም፣ ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም ናቸው። ቀኑ ፍልሰታ ላይ ነው፤ ዝናቡም አለ። ሰው እንዳይታዘበን፣ ልጄም እንዳታዝን ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ኬኩ ሳይቆረስ ተኛች» ያልሽው አልለቀቀኝም። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ እናንተም ክፉ አላሰባችሁም። ለ12 ሰዓት የተጠራ ሰው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቢመጣ በእኛ ልማድ ያን ያህል አልዘገየም። ችግሩ ያ ሰዓት ለ5 ዓመት ልጅ የመኝታ ሰዓት መሆኑ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀንና ሌሊት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ «ዛሬ ልደትሽ ነው» እየተባለች ስትዘል ውላለች። ማታ ደግሞ ትልልቅ ሰው እስኪሰበሰብ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ ስትባል እንቅልፍ ቢጥላት ምን ይገርማል?

ሐሳቤን በአጭሩ ልንገርሽ፤ ዝርዝሩ ይከተላል። ግብዣውን ለሁለት ክፈይው። ጠዋት የልጆች፣ ከሰዓት በኋላ የትልልቆች ይሁን። ኬኩም፣ ሻማውም፣ ጨዋታውም ጠዋት ከልጆቹ ጋር ይለቅ። ከሰዓት በኋላ አማትሽ፣ ጎረቤቶችሽ፣ የባለቤትሽ ጓደኞች ይምጡ። ቡናቸውን ይጠጡ፣ ልጅቷን ይመርቁ፣ ይጫወቱ። እሷ በዚያ ሰዓት ብትተኛ ማንም አይቀየምም፤ የእሷ ድግስ አልቋልና።

ይህን የምልሽ የልጆች ልደት በየከተማችን የትልልቆች ድግስ ሲሆን ስለማይ ነው። ድምፅ ማጉያው ጣሪያ ያነቃንቃል። ቪዲዮ አንሺው «ወደዚህ ዙር፣ ፈገግ በል» እያለ ልጁን ያዞረዋል። አባት እንግዳ ይቀበላል፤ እናት ኩሽና ናት። ከተጠራው ሰው ሁሉ የባለልደቱ ጓደኛ የሚባለው ሦስት ልጅ ነው፤ እነሱም ጥግ ላይ ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ ተጠንቅቀው ተቀምጠዋል። ለዚህ የሚወጣው ብር ያሳዝነኛል። ከብሩ በላይ ግን ልጁ ያሳዝነኛል።

አሁን ቀኑን እንቁረጥ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፤ በ16 ይፈታል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጹም ተብሎ አይገደድም። ግን አንቺም እንደምታውቂው በፍልሰታ ስንቱ ሕፃን ነው ምንም ሳይቀምስ አስቀድሶ የሚቆርበው! በዚያ ሳምንት ኬክ ቆርሰሽ የጎረቤት ልጅ ቆሞ ሲያይ አያምርም። ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚሠራ የጾም ኬክ አለ ትይኝ ይሆናል። እሱ የምግቡን ችግር ይፈታል እንጂ የሰዓቱን አይፈታም። ጠዋት ብትጠሪ ቆራቢዎቹ አይመጡም፤ ከሰዓት ብትጠሪ ዝናብ ይጠብቅሻል። ስለዚህ ከነሐሴ 16 በኋላ ወዳለው ቅዳሜ አሻግሪው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ዓርብ ጁምዓም አለ። እሑድ ጠዋት ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ጸሎት ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለሰፈርሽ ሁሉ ይመቻል።

ልጅሽ ቀኑ ተላለፈ ብላ እንዳታዝን አስቀድመሽ ንገሪያት። ልጆችን የሚያስቀይማቸው መጠበቁ ሳይሆን መቼ እንደሆነ አለማወቁ ነው። አንድ ወረቀት ላይ እስከ ቅዳሜዋ ያሉትን ቀኖች በሳጥን ሥሪላት፤ በየማታው አንዱን ቀለም ትቀባለች። ነሐሴ 9ን ራሱን ደግሞ ባዶ አታድርጉት። ጠዋት መርቃችሁ ቀስቅሷት። ቁመቷን በር ላይ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። ሰማዩ ከፈቀደ አባቷ ጅሬን ይውሰዳትና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያሳያት፤ ከተማዋንም ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ትያት። አባ ጅፋር በቁመታቸው እጅግ ረጅም ነበሩ ይባላል። ቁመቷን ለተለካች ልጅ ይሄ ጥሩ ወሬ ነው። ከአባቷ ጋር ለብቻዋ የዋለችበት ግማሽ ቀን ከየትኛውም ዲኮር ይበልጥባታል ብዬ አምናለሁ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ይሁን። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ነሐሴ ደግሞ ከዋናዎቹ የዝናብ ወራት አንዱ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ግቢው ውስጥ ለመሯሯጥ የተሻለ ዕድል አላችሁ። ቢሆንም ሰማይን ማመን አይገባም። በረንዳው ላይ ሸራ ወጥሪ። ሳሎኑን ከሶፋና ከጠረጴዛ ነፃ አድርጊው። በሩ ላይ እግር መጥረጊያ ጆንያ አንጥፊ። ሁለት ሰዓት ለ6 ዓመት ልጆች ይበቃል። ከዚያ ካለፈ መገፋፋት፣ መናከስ፣ «ቤቴ ውሰዱኝ» ይመጣል። መጥሪያው ላይ የሚያልቅበትንም ሰዓት ጻፊ። «ከ4 እስከ 6» የሚል መጥሪያ የተለመደ አይደለም፤ ግን ወላጅ ልጁን መቼ እንደሚወስድ ያውቃል። ኬኩም ለማንም ተብሎ አይዘገይም። 5 ሰዓት ላይ ይቆረሳል ብለሽ ከወሰንሽ አባቷ እንኳ ባይደርስ 5 ሰዓት ላይ ይቆረስ።

ማንን ትጠሪያለሽ? እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አስቢ። ከ8 እስከ 10 ልጅ ይበቃል። የግቢው ልጆች በሙሉ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ናቸው። በአንድ ግቢ እየኖሩ አንዱን ጠርቶ አንዱን መተው አይቻልም። በመስኮት እያየ የሚውል ልጅ ካለ ድግሱ ለሁላችሁም ይመራል። ከዚያ የቀረውን ቦታ ለልጅሽ ስጫት፤ ከትምህርት ቤት ማንን እንደምትፈልግ ራሷ ትንገርሽ። አንቺ ከማታስቢው ልጅ ልትጀምር ትችላለች። የትልቅ ሰው ልጅ ነው፣ የአለቃ ልጅ ነው እየተባለ የሚጠራ ልጅ አይኑር። አከራያችሁን ሀጂን ደግሞ ሳምንት ቀድማችሁ አስፈቅዱ። አንቺ ብቻ ሳትሆኚ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ሂዱ። የልጅ ልጆች ካሏቸው ጥሯቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ለከሰዓት ቡና።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። በሃይማኖቱ ምክንያት ልደት የማያከብር ቤተሰብ አለ። ከሙስሊሙም፣ ከክርስቲያኑም እንዲህ የሚያምኑ አሉ። «ልጄ አይመጣም» ያለሽን እናት አትጨቅጭቂ፤ ምክንያቷንም አትጠይቂ። በሌላ ቀን ልጆቹን አብረሽ አጫውቻቸው። ጉርብትናችሁ ከኬክ ይበልጣል።

ወደ ምግቡ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው፤ በአንቺ ሰፈር ግን መልሱ ቀላል ነው፦ ሥጋ አታቅርቢ። አማትሽ በግ ይታረድ ሊሉ ይችላሉ። የክርስቲያን ቢታረድ የሙስሊሙ ልጅ አይበላም፤ የሙስሊም ቢታረድ የክርስቲያኑ አይበላም። ሁለት ዓይነት አርደሽ ልጆችን በሁለት ጠረጴዛ መለየት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የ6 ዓመት ልጆች አንድ ትሪ ከበው ይብሉ። የምስር ሳምቡሳ፣ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ፍራፍሬ አቅርቢ። ቅዳሜ ስለሆነና ጾሙም ስለተፈታ እንቁላሉ፣ ወተቱ ችግር የለውም። ኬክ ቤት የምታዢ ከሆነ አልኮል ያለበት ማጣፈጫ እንዳይገባበት አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ጄሊ ከረሜላ ከገዛሽ ጀላቲኑ ከምን እንደተሠራ ማሸጊያው ላይ አንብቢ፤ ካልተጻፈ ተይው።

ደግሞ ጅማ ተቀምጠሽ ለጭማቂ አትቸገሪም። አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ ከአካባቢሽ ገበያ ታገኛለሽ። ለስላሳ በሣጥን ከመደርደር ሙዝና አቮካዶ ፈጭቶ በትንንሽ ብርጭቆ መስጠት ይሻላል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ጭማቂውን ሌሊት ሳይሆን ጠዋት፣ ግን እንግዳ ሳይመጣ ፍጪው። ብርጭቆው የላስቲክ ይሁን። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ይሁን፤ ክረምት የተቅማጥ ወቅት ነው። ከመብላታቸው በፊት ሁሉም በሳሙና ይታጠቡ። ማስታጠቢያውን የሚይዝ አንድ ጎረምሳ መድቢ። ልጆች መታጠቡን ራሱን ጨዋታ ያደርጉታል፤ ለሱም አምስት ደቂቃ አስቢለት።

የ8 ወሩን ልጅ እንዳትረሺ። በልደት ቀን እናት እንግዳ ላይ ናት፤ ሕፃኑ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል፤ ያገኘው ሁሉ አፉ ላይ የሆነ ነገር ያደርግለታል። የጅማ ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ «ትንሽ ይላስ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫል፤ ጡንቻን አድክሞ ትንፋሽ እስከማሳጠር ያደርሳል። ማር የገባበት ዳቦም ለእሱ ይቅርበት። ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ለውዝና ደረቅ ከረሜላ 4 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የመታነቅ አደጋ አላቸው። ስለዚህ ፈንዲሻው ለትልልቆቹ ቡና ይቆይ። የጠዋቱ ግብዣ ላይ ታናናሽ ወንድምና እህት ተከትለው መምጣታቸው አይቀርም።

ፊኛም እንደዚያው ነው። ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ከተለጠፈ አየር ጨርሶ ይዘጋል። ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አደገኛ ነው። ፊኛ አትጠቀሚ አልልሽም፤ ያለ ፊኛ ልደት ልጆቹም አይቀበሉሽም። ከፍ አድርገሽ ስቀይው። የፈነዳውን ወዲያው የሚለቅም ሰው ይኑር። ልጆች በአፋቸው እንዲነፉ አትፍቀጂ።

ሕፃኑ ቢታነቅና ማልቀስም ማሳልም ካቃተው፣ በክንድሽ ላይ በደረቱ አስተኚው፤ ጭንቅላቱ ዝቅ ይበል። በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ በመዳፍሽ ምቺው። ካልወጣ ገልብጠሽ በጀርባው አስተኚውና ደረቱ መሃል ላይ 5 ጊዜ ጫን ጫን አድርጊው። እስኪወጣ ድረስ እያፈራረቅሽ ቀጥይ። ሌላ ሰው በዚያው ቅጽበት መኪና ወይም ባጃጅ ያዘጋጅ። የማይታይ ነገር ጉሮሮው ውስጥ በጣት መፈለግ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ይህን ባለቤትሽም አስቀድሞ ይወቀው።

ቡናው ከሰዓት ይሁን ያልኩበት ሌላው ምክንያት እሳቱ ነው። ልጅ በሚሯሯጥበት ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃና የፈላ ጀበና መሬት ላይ ተቀምጦ ሳይ ልቤ ይመታል። ጅማ ላይ ቡና የሌለው ድግስ ድግስ አይባልም፤ ይገባኛል። ግን ሁለቱን በአንድ ሰዓት ማድረግ የለብሽም። ከሰዓትም ቢሆን ልጆች ከቀሩ ምድጃው ጥግ ላይ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ይኑረው። እግዜር አያድርገውና ልጅ ቢቃጠል፣ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ 20 ደቂቃ አቆዩት። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ ሊጥ አይቀባም። ከዚያ ሐኪም ይየው።

ስለ ጨዋታው ብዙ ልል ነው፤ የድግሱ ልብ እሱ ነውና። ዲጄ አያስፈልግሽም። ልጅ የሚወድ፣ ድምፁ የሚሰማ፣ አማርኛም ኦሮምኛም የሚችል አንድ ወጣት ነው የሚያስፈልግሽ። የእህትሽ ልጅ፣ የጎረቤት ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ዘመድ ይሆናል። ከሚመጡት ልጆች የተወሰኑት ቤታቸው ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፤ ጨዋታው በአንድ ቋንቋ ብቻ ከሆነ ጥግ ይይዛሉ። የመልካም ልደቱን ዘፈን በሁለቱም ዘምሩላት። ኦሮምኛውን የሚያውቁት ልጆች ይምሩ፤ ያኔ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ታያለሽ።

የሚመጡት በአንድ ጊዜ አይደለም። ቀድሞ የመጣው ዝም ብሎ ከተቀመጠ ያፍራል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ማንም መጥቶ ሊቀላቀለው የሚችል ሥራ ስጫቸው። ትልቅ ወረቀት መሬት ላይ ዘርጊና ቀለም አስቀምጪ፤ ልደቷን ይሳሉላት። ያ ወረቀት በኋላ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ዲኮር ማለት ለኔ እሱ ነው። አብዛኞቹ ሲሰበሰቡ «መሃረቤን ያያችሁ» ይጫወቱ። ክብ ሠርተው ይቀመጡ፤ ለዚህ የጅማ በርጩማ የሚያህል የለም። ሦስት እግር ስላለው ሸካራ መሬት ላይም አይንገዳገድም፤ ለልጅም ዝቅ ያለ ነው። በቂ ከሌለ ምንጣፍ ላይ ይሁን። አኩኩሉ በግቢው ይካሄድ፤ ግን መጀመሪያ የግቢው በር ይቆለፍና ጠባቂ ይቁም። ከበሩ ውጭ ባጃጅ አለ። ሰኞ ማክሰኞ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ይሠመር፤ ግቢው ከጨቀየም ይቻላል።

በሙዚቃ እየዞሩ ወንበር መሻማቱን ሁሉም ይወደዋል። እኔ ግን በዚህ ዕድሜ ልጅ እየተቀነሰ ሲወጣ አልወድም። መጀመሪያ የሚወጣው ሁልጊዜ ትንሹና ዓይን አፋሩ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ አኩርፎ ያያል። ወንበሩን ቀንሱ፣ ልጆቹን ግን አትቀንሱ። በቀሩት ወንበሮች ላይ ተደጋግፈው፣ አንዱ አንዱን አቅፎ ሁሉም እንዲቀመጥ ይሞክሩ። ሳቁ ያኔ ነው የሚመጣው። ሽልማት የምትሰጪ ከሆነ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ዝናብ ከመጣም አትደንግጪ፤ ሳሎን ግቡና «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልሽ» ተባባሉ። አያትየው ካሉ እሳቸው ይጠይቁ። ዝም ያለ ልጅ ካየሽ አትጎትቺው። ሥራ ስጪው፤ ሙዚቃውን የሚያቆመው እሱ ይሁን።

ለአራት ወይም ለአምስት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይበቃል። ሁለት ወይም ሦስት እናቶች አብረውሽ ይዋሉ፤ ሌሎቹ ልጃቸውን አድርሰው ይመለሱ። የሁሉንም ስልክ ያዢ። ማን መጥቶ እንደሚወስዳቸውም ጠይቂ፤ ለማታውቂው ሰው ልጅ አትስጪ።

ኬኩ ሲመጣ ልጅሽ ቀድማ ሳምቡሳዋን በልታ ይሁን፤ የራባት ልጅ ቶሎ ይከፋታል። ፀጉሯን ሹሩባ የምትሠሪያት ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ይሁን፤ በዋዜማው የተጎነጎነ ጭንቅላት ያማል። ሻማው ፊት ስትጎነበስ ሹሩባዋ ወደ ኋላ ይታሰር፤ በተለይ ዊግ የተቀላቀለበት ከሆነ እሳት ቶሎ ይይዛል። ርችት ሻማ የሚሉትን ለትንንሽ ልጆች አልመክርም፤ ፍንጣሪው ከተራ ሻማ እጅግ ይሞቃል። ስድስቱ ተራ ሻማ ያምራል። ቀሚሷ ደግሞ የምትሮጥበት ይሁን። ያ እንደ ቬሎ የተነፋ፣ አንገት የሚያሳክክ ቀሚስ ለአንድ ፎቶ ይለበስ፤ ከዚያ ይውለቅ።

ፎቶውን መጀመሪያ አካባቢ፣ ልብሳቸው ሳይቆሽሽ በስልክ አንሱ፤ ከዚያ ስልኩ ይቀመጥ። የሰው ልጅ ፎቶ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ወላጁ ሳይጠየቅ አይለጠፍ። ስጦታ በእንግዳ ፊት አይከፈት፤ አንዱ ትልቅ አሻንጉሊት፣ አንዱ እርሳስ ይዞ ይመጣል፤ ልጆች ያወዳድራሉ። ስትጠሪ «ስጦታ አያስፈልግም፣ ልጆቹ ይምጡልን» በይ። ባዶ እጁን መላክ ያሳፈረው ወላጅ ልጁን ሊያስቀር ይችላልና። ሲሄዱ ለእያንዳንዱ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ስጫቸው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ እናቶቻቸው ከከረሜላ የበለጠ ያመሰግኑሻል።

ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ትልልቆቹ ይምጡ። ቄጠማ ጎዝጉዢ፣ ቡና አፍይ፣ ዳቦና ፈንዲሻ አቅርቢ። ከኬኩ አንድ ክፍል ቀድመሽ አስቀምጪላቸው። ልጅቷ ነቅታ ከሆነ ሽማግሌዎቹ ይመርቋት፤ ሀጂም ዱዓ ያድርጉላት፤ አማትሽም ይመርቋት። የባለቤትሽ ጓደኞች መቃም ካሰኛቸው ግን ለዚያ ሌላ ቀንና ሌላ ቤት አለ። ይህን ባለቤትሽ ራሱ አስቀድሞ ይንገራቸው፤ በአንቺ አፍ አይሁን።

አሁን ወደ ዕቁቡ። መስከረም ያስጨንቀኛል ያልሽው ልክ ነው። እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ አለ። አዳራሽ፣ ዲኮርና ዲጄ ለአራት ሰዓት ተከራይቶ መስከረምን በብድር መጀመር ለልጅቷም አይጠቅማትም። ባለቤትሽን «ብር የለንም» አትበይው፤ ብሩ አለና ክርክር ይነሳል። የባለፈውን ዓመት ቪዲዮ አብራችሁ እዩት። ከዚያ የዘንድሮውን ወጪ በወረቀት አሳይው፤ ኬክ፣ ሳምቡሳ፣ ፍራፍሬ፣ ደብተር፣ ቡና። ከጎኑ የመስከረምን ወጪ ጻፊ። አባት ነው፤ ይገባዋል።

የባለቤትሽ እህት ሰው እንዳይንቃችሁ ፈልጋ ነው እንጂ ክፉ አላሰበችም። ወንድሟንና የወንድሟን ልጅ ትወዳለች። ስለዚህ ውሳኔውን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው። ባለቤትሽ ይደውልላት፤ ቀጥሎ አንቺ አናግሪያት። ማስዋብ የምትወድ ከሆነ ሳሎኑንና በረንዳውን ለእሷ ስጫት፤ ፊኛው ከፍ ብሎ እንዲሰቀል ብቻ ንገሪያት። ዋዜማውን መጥታ ትደር፤ ልጅቷ እያቀበለቻት አብረው ይሥሩት። ጠዋት እንግዳ ስትቀበዪ ሕፃኑን የምትይዝልሽም እሷ ትሁን፤ ስለ ማሩና ስለ ፈንዲሻው አስቀድመሽ ከነገርሻት።